ግንባሯ ላይ የበቀለው ፀጉር

የውበት ሳሎኑ በር ገና ሳይከፈት እትዬ ጠበቅ መስተዋት ፊት ቆማ እርጥብ ፎጣ ግንባሯ ላይ ትጫናለች። ይህ የየማለዳ ሥራዋ ከሆነ ሰነባብቷል። ከፎጣው ሥር ያለው ፀጉር በውሃ ርሶ ለጊዜው ይተኛል፤ ፎጣው ሲነሣ ግን፣ ከእንቅልፉ እንደ ቀሰቀሱት ሕፃን፣ ቀስ በቀስ ቀና ቀና ይላል። ከአንዱ ጆሮ ግንዷ እስከ ሌላው የግንባሯን ጠርዝ ተከትሎ የበቀለው ይህ ጠባብ ረድፍ ከርዳዳና ሻካራ ነው። ከጀርባው ያለው የቀድሞ ፀጉሯ ዛሬም እንደ ልጅነቷ ዞማ ነውና ሚዶ ሲገባበት ሳይገፉት ይወርዳል። ሁለቱ ፀጉሮች ሳይተዋወቁ አንድ ክፍል የተከራዩ ጎረቤታሞች ይመስላሉ።

የቆዳ ሐኪሙ ይህን አልደበቃትም ነበር። "ከማጅራትዎ ወስደን ፊት ለፊት የምንተክለው ፀጉር መጀመሪያ ሲወጣ ጠንከርና ጥቅልል ሊል ይችላል" ብሏታል። "አብዛኛውን ጊዜ ዓመት አለፍ ሲለው ይለሰልሳል። አንዳንዱ ሰው ላይ ደግሞ እንደዚያው ይቀራል።" ያን ጊዜ ስለ ልስላሴው ማን ተጨንቆ! ብቻ ይውጣ እንጂ ብላ ነበር።

"ጠበቅ" የሚለውን ስም ያወጡላት ደንበኞቿ ናቸው። ሹሩባ ስትሠራ፣ አንዲቷ ሴት "ወይኔ፣ ራሴን!" ባለች ቁጥር፣ "ጠበቅ ይበል እንጂ! ላላ ያለ ሹሩባ ይዘሽ ከዚህ ቤት አትወጪም" ትላለች። ከእጇ የወጣ ሹሩባ ዝናብም ላብም አይፈታውም። ከእርሷ ወንበር የተነሣች ሴት ቅንድቧ ሽቅብ ተስቦ በሁሉ ነገር የተገረመች መስላ ወደ ቤቷ ትሄዳለች፤ ደንበኞቹም በዚህ እየተሳሳቁ ተመልሰው ይመጣሉ። የእትዬ ጠበቅ የራሷ ራስ ደግሞ የሳሎኑ ማስታወቂያ ነበር። ባልደረባዋን ከኋላዋ አቁማ፣ "ሳቢው፣ ሳቢው፣ አልሞትም" እያለች ስታሠራ ስንት ዓመት ኖረች።

የግንባሯ ፀጉር ማፈግፈጉን ያወቀችው ዘግይታ ነው። በየቀኑ የሌላ ሰው ራስ የሚያይ ዓይን የራሱን ጉድ ለማየት አይቸኩልም። አንድ ቀን ግን ከመስተዋቱ ውስጥ ትልቅ፣ የሚያብረቀርቅ፣ የማታውቀው ግንባር አፈጠጠባት። ሩቅ ከተማ ወዳለው ሐኪም የሄደችው ለሁሉም "ሥልጠና አለኝ" ብላ ነው።

ሐኪሙ በመብራት እየፈተሸ፣ "ማን ነው እንዲህ እየሳበ የሚሠራዎት?" ሲል ጠየቃት።

"እኔው ነኝ ሳቢው የምላት" ማለት አቃታት። "አንዲት... ሠራተኛ ናት" አለች።

"እንግዲያው ይንገሯት፤ የሰው ራስ እያጠፋች ነው። ገና ሳስቶ ሳለ ፀጉሩ ላላ ተደርጎ ቢተው ይመለሳል። ሥሩ ከሞተ በኋላ ግን በቅባትም በምንም አይመለስም፤ የሚቀረው እንደ እርስዎ ተከላ ነው።"

"እነግራታለሁ" አለች እትዬ ጠበቅ፣ አንገቷን ደፍታ።

ግን ለማንም አልነገረችም። ከተከላው ተመልሳ ሻሽ ጠምጥማ ሥራ ገባች፤ ለሻሹ ሳይነሷን ሰበብ አደረገች። ሥልጠናው ምን እንዳስተማራት ሲጠይቋት ደግሞ መግቢያ ቀዳዳ አጥታ፣ ፀጉር ከግራ ወደ ቀኝ እየተሻሸ መታጠብ እንዳለበት ተናገረች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ሳሎን የሁሉም ሰው ራስ ያለ አንዳች ምክንያት ከግራ ወደ ቀኝ ይታሻል። ሹሩባውንም እንደ ቀድሞው ጠበቅ አድርጋ መሥራት ቀጠለች። ላላ ብታደርገው "ለምን?" ትባላለች። "ለምን?" ለሚለው ጥያቄ ያላት መልስ ደግሞ አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱንም ከሻሿ ሥር ሸሽጋዋለች።

ወራት አልፈው ሻሹን ያወለቀች ዕለት መጀመሪያ ያየቻት ሬዲዮ ናት። ሬዲዮ ባልደረባዋ ነች፤ ስሙ የወጣላት ፀጉር እየጠቀለለች የመንደሩን ወሬ ያለ ማቋረጥ ስለምታሰራጭ ነው።

"እትዬ! በሞቴ ይኼ ግንባር ምንድን ነው?" ብላ የፀጉር መጠቅለያውን ቢጉዲን ከእጇ ጣለችው። "ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ እዚህ ጋ እኮ ባዶ ነበር! ዝም ያልኩሽ እንዳይከፋሽ ብዬ ነው እንጂ!"

አይታ ዝም ብላ ኖራለች ማለት ነው። ሁሉም አይተው ዝም ብለው ኖረዋል ማለት ነው። እትዬ ጠበቅ ጆሮዋ ጋለ። ይሁን እንጂ በዚህ ሙያ ለኖረ ሰው የትኛውም ራስ ምን ቢሆን እጁ መልስ አያጣም፤ ለፎርፎር ያን፣ ለተሰነጠቀ ጫፍ ይህን እያለ ከመደርደሪያ ማንሣት ልማዱ ነው። ሳታስበው እጇ ተዘረጋና አንድ ቡናማ ጠርሙስ አነሣ። ተራ የጉሎ ዘይት ነበር።

"ዘይት ነው" አለች። "እኔው የቀመምኩት።"

"ታዲያ ምነው እንዲህ ከረደደ? ያንቺ ፀጉር እኮ ዞማ ነው!"

"ዘይቱ ኃይለኛ ስለሆነ ነዋ። ጠንክሮ ነው የሚያወጣው።"

ሲመሽ ወሬው መንደሩን አዳረሰ። በሳምንቱ ከማዶ ያለው መድኃኒት ቤት ፋርማሲስት ራሷ፣ ነጭ ጋዋኗን እንደ ለበሰች፣ "እትዬ ጠበቅ፣ እኔ መደርደሪያ ሙሉ ቅባት ይዤ ተቀምጬ፣ መድኃኒቱ አንቺ ዘንድ ነው አሉኝ" እያለች መጣች። እትዬ ጠበቅ ከማንም ገንዘብ አልተቀበለችም፤ አለመቀበሏ ውሸቱን ቀለል የሚያደርገው መስሏት ነበር። ሴቶቹ ግን፣ "ለነፍሷ ብላ ነው የምትሰጠን" ብለው ይበልጥ አመኗት። ያ ሻካራ ረድፍም የዘይቱ ማኅተም ሆነ። እየመጡ በጣታቸው ይዳስሱታል፤ "አቤት ጥንካሬው!" ይላሉ። እርሷም ጥርሷን ነክሳ ትዳሰሳለች።

ይህ ሁሉ ሐፍረት ነው፤ ነገር ግን ሰው ከሐፍረቱ ጋር ተላምዶ መኖር ይችላል። እትዬ ጠበቅን ከእንቅልፍ የሚያባንናት ሌላ ነገር ነበር፤ የእህቷ ልጅ ሚጡ።

ሚጡ ያደገችው በዚህ ሳሎን ነው። እናቷ ሥራ ስትውል እዚህ ትተዋት ትሄድ ነበርና፣ የመጀመሪያ ሹሩባዋን የሠራቻት እትዬ ጠበቅ ነች። ልጅቷ ስታለቅስ ከረሜላ አፏ ውስጥ እየከተተች ጠበቅ ታደርግባት ነበር። ዛሬ ሚጡ ባንክ መስኮት ላይ የምትሠራ፣ ሸሚዟ የማይጨማደድ ወጣት ሴት ናት። ጆሮ ግንዷ ላይ ግን ፀጉሯ መሳሳት ጀምሯል። ገና መጀመሩ ነው፤ ሐኪሙ "ላላ ቢደረግ ይመለሳል" ያለው ዓይነት ነው። እትዬ ጠበቅ ይህን በእያንዳንዱ ሹሩባ ላይ ታየዋለች፤ ማየቷንም አብራ ትጎነጉነዋለች። በእያንዳንዱ ወር "የሚመጣው ጊዜ እነግራታለሁ" ትላለች። ሚጡ በበኩሏ ማለዳና ማታ ዘይቱን ትቀባለች፤ ዘይቱን ተማምናም ከወትሮው ይልቅ ጠበቅ እንዲደረግላት ትጠይቃለች።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሳሎኑ ሞልቶ ሳለ ሚጡ እየሣቀች ገባች።

"አክስቴ! አክስትዬ ነይ እዪው! መጣ እኮ!"

"ምኑ ነው የመጣው?"

"ፀጉሬ ነዋ! እንዳንቺው!" ፊቷን ወደ ብርሃኑ መለሰችና ጆሮ ግንዷን በጣቷ አሳየች። "ዳስሺው። ዳስሺው እስቲ። ከርደድ ብሎ፣ ቆርቆር ያደርጋል። ልክ እንዳንቺ አይደለም?"

ሬዲዮ የፀጉር መተኮሻውን ፓይስትራ እንደ ያዘች መጣችና እልልታዋን ለቀቀችው። ከተራ ጠባቂዎቹ ሁለቱ ተነሥተው ቀረቡ።

እትዬ ጠበቅ ዳሰሰችው። ጣቷ ያወቀውን ነገር ራሷ ለማወቅ አልፈለገችም። አዲስ የበቀለ ፀጉር ጫፉ ቀጭን ነው፤ እያነሰ፣ እየሳሳ ሄዶ ያልቃል። ይህኛው ግን ጫፉ ዱልዱም ነው፤ ተጎምዶ የቀረ ጉቶ ነው። በመሳብ ብዛት ከመካከሉ የተሰበረ የሚጡ የራሷ ፀጉር ነበር። ልጅቷ የምትስቅለት ነገር የጉዳቱ ምልክት ነው።

"እ? አይደለም እንዴ?"

"እ... ነው መሰለኝ" አለች እትዬ ጠበቅ።

"በቃ እንግዲህ ሰኞ ቃለ መጠይቅ አለኝ፤ ለእድገቱ። ስንቱ ሰው ፊት ነው የምቀመጠው መሰለሽ። ወደ ኋላ ይሁንልኝ፣ ጠበቅ ብሎ፣ አንድም እንዳያመልጥ።"

"እንኳን ፀጉርሽ አለቃሽም ከእትዬ እጅ አያመልጥ!" አለች ሬዲዮ፤ ቤቱ በሣቅ ተናጋ።

እትዬ ጠበቅ ሚጡን አስቀምጣ ፎጣ አለበሰቻት፤ መሥመር አወጣች፤ ጎነጎነች። ጣቶቿ ግን አልያዝ አሏት። የመጀመሪያውን ላላ አድርጋ ሠራችው፤ ሁለተኛውንም። ይህ ያገኘችው መላ ነበር፤ ምንም ሳይናገሩ ላላ አድርጎ መላክ። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ሚጡ በእጇ ዳሰሰችና በመስተዋቱ ውስጥ ዓይኗን ፈለገች።

"አክስቴ፣ ምን ሆንሽ? ይኼ እኮ ቤት ሳልደርስ ይፈታል።"

"እጄን አሞኛል።"

"እትዬ ጠበቅ ላላች!" ብላ ሬዲዮ ከወዲያ ማዶ ጮኸች። "ጉድ ነው! ስም ልናስቀይርሽ ነው መሰለኝ!"

"እጇን ስላመማት ነው፣ ተያት" አለች ሚጡ በርኅራኄ። ርኅራኄዋ ከስድብ ይልቅ እትዬ ጠበቅን ወጋት። "አንቺ ጨርሺልኝ በናትሽ፤ አክስቴ ትረፍ።"

ሬዲዮ እጇን በልብሷ ጠርጋ መጣች። ላላ ያሉትን ፈታቻቸው። ከዚያም እትዬ ጠበቅ ራሷ እንዳስተማረቻት፣ ከጆሮ ግንድ ላይ ቀጭን ፀጉር ለይታ፣ አውራ ጣቷን ራስ ቅሉ ላይ ተክላ፣ ወደ ኋላ ሳበች። የሚጡ ቅንድብ ሽቅብ ወጣ። የሳሳው ቦታ ላይ ቆዳዋ እንደ ከበሮ ተወጠረ፤ ከሥሩ ትንንሽ ነጫጭ ነጥቦች ብቅ ብቅ አሉ። ሚጡ ዓይኗን ጨፍና ቻለችው። ሕፃን ሳለች ከረሜላውን አፏ ውስጥ ይዛ እንደዚያው ነበር የምትችለው።

"ልቀቂያት!"

ሬዲዮ ደንግጣ ለቀቀቻት። ሁሉም ዞሩ።

"አትሳቢ። አይሳብም" አለች እትዬ ጠበቅ። የወንበሩን መደገፊያ ያዘች። "ሚጡዬ፣ ያ ፀጉር አልበቀለም። ተሰብሮ ነው።"

"የቱ?"

"ከረደደ ያልሽኝ። ሲሳብ ተሰብሮ የቀረ ነው። ዘይቱ... ዘይቱ ምንም አያደርግም። የጉሎ ዘይት ነው።"

"ያንቺንስ ያወጣው?"

ጀርባዋን ለመስተዋቱ ሰጥታ አጎነበሰች፤ የማጅራቷን ፀጉር በሁለት እጇ ሰብስባ ወደ ላይ ገለጠችው። ከጆሮ እስከ ጆሮ የሚሄድ ቀጭን ነጭ ጠባሳ ነበር፤ ፀጉሩ ተነሥቶ ቆዳው የተሰፋበት። ከተከላው ወዲህ በዚያ ሳሎን የእትዬ ጠበቅን ማጅራት ያየ ማንም አልነበረም።

"ከዚህ ተነሥቶ ፊቴ ላይ ተተክሎ ነው" አለች፣ እንደ አጎነበሰች፣ ለወለሉ። "ሐኪም ቤት። ሥልጠና አልሄድኩም። የከረደደውም ተከላ ስለሆነ ነው።"

የሚጮኸው የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ብቻ ነበር። ካስኩ ውስጥ ራሷን ከትታ የተቀመጠችው ፋርማሲስቷ የሁሉም አፍ መዘጋቱን አየች እንጂ፣ በማድረቂያው ጩኸት ምክንያት አንዲት ቃል አልሰማችም።

"ምን አለች?" ብላ ጮኸች። "ምንድን ነው ያለችው? ምን ሆነች?"

ሬዲዮ አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊሆን ይችላል፣ የምታወራው እያላት ዝም አለች።

"ኧረ ንገሩኝ! ስለ ዘይቱ ነው እንዴ?"

እትዬ ጠበቅ ቀና አለች። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች ነበር፤ መሬት ግን አልተከፈተችም። ፋርማሲስቷ ፊት ሄዳ ቆመች፤ እንድትሰማትም ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

"ፀጉሬን አስተክዬ ነው!" አለች። "ዘይቱ ውሸት ነው! ግንባሬን ገላጣ ያደረገው ጠበቅ ያለ ሹሩባ ነው! ሐኪሙ ነግሮኛል!"

ከውጭ መንገድ ላይ የሚያልፍ አንድ ሰው በመስኮቱ ወደ ውስጥ አየና አለፈ። ፋርማሲስቷ ካስኩን ወደ ላይ ገፋ አደረገች። ፊቷ በሙቀቱ ቀልቷል።

"ኧኸ" አለች ዝግ ብላ። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስተካከለች። ከተራ ጠባቂዎቹ አንዲቷ የጆሮ ግንዷን በጣቷ እየዳሰሰች ነበር። ሌላዋ ተነሥታ ሳትሰናበት ወጣች።

እትዬ ጠበቅ ወደ ሚጡ ለመዞር ጊዜ ወሰደባት።

ሚጡ ከወንበሯ አልተነሣችም። በመስተዋቱ ውስጥ ነበር የምታያት።

"መቼ ነው የነገረሽ?"

"ከመተከሌ በፊት።"

"ማለት ባለፈው ወር ስትሠሪኝ ታውቂ ነበር።"

"አውቅ ነበር።"

"ከዚያ በፊትም።"

"አዎ።"

"በየወሩ ተቀምጬልሽ።" ሚጡ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ባንክ መስኮት ላይ ከተቆጣ ደንበኛ ጋር የምትነጋገርበት ድምፅ ነበር፤ እትዬ ጠበቅም ብትጮህባት ይሻላት ነበር። "ዘይት በነጻ ትሰጪኛለሽ። እኔ ደግሞ ሥራ ቦታ ለሰው ሁሉ፣ አክስቴ እንደዚህ ናት፣ እላለሁ።"

"ሚጡዬ..."

"አትበይኝ።"

እትዬ ጠበቅ አላለቻትም። "ገና ነው" አለች ብቻ። "ያንቺ ገና ነው። ላላ ተደርጎ ከተተወ ይመለሳል ብሏል። የኔ ነው ያለፈበት።" ይህን ከወር በፊት ብትነግራት ኖሮ የምሥራች ይሆን ነበር። አሁን ግን ከአፏ ሲወጣ ምሕረት እንደ መለመን ሆኖ ተሰማትና እርሱም አሳፈራት።

ሚጡ ፎጣውን ከአንገቷ ልትፈታ ጀመረች፤ ከዚያ ግማሽ የተጎነጎነ ራሷን አየች። ሬዲዮ የሠራችው አንድ ሹሩባ፣ ከፊት ተወጥሮ፣ ወደ ኋላ ተንጠልጥሏል። ልትፈታው ሞከረች፤ ጠበቅ ብሎ ስለ ተያዘ ጣቷ አልገባ አለው። ሬዲዮ እጇን ዘረጋች።

"አንቺ ተዪው" አለች ሚጡ። ዓይኗን ከመስተዋቱ ሳታነሣ ለአክስቷ፣ "ፍቺልኝ" አለቻት። "ምንም አትበዪኝ። ዝም ብለሽ ፍቺ።"

እትዬ ጠበቅ ቀረበች። ጣቶቿ አሁን ታዘዙላት። ከጫፉ ጀምራ፣ ሳትስብ፣ ፀጉር በፀጉር እየለየች ፈታችው። ሚዶውን ስታሳልፍበት ጥቂት ፀጉሮች ተከትለው ወጡ። በልማዷ ጠቅልላ ወደ ቆሻሻ መጣያው ልትጥላቸው ስትል ሚጡ መዳፏን ከፎጣው ሥር አውጥታ ዘረጋችላት።

እትዬ ጠበቅ ፀጉሮቹን መዳፏ ላይ አኖረችላት።

ሚጡ አንዱን በጣቶቿ አነሣች፤ ወደ ብርሃኑ አቀረበችው። "ይኼ የተሰበረ ነው ወይስ ከሥሩ የወጣ?"

እትዬ ጠበቅ አጎንብሳ አየችው። "የተሰበረ።"

"ይኼስ?"

"እርሱም የተሰበረ።"

"ይኼስ?"

ይህኛው ጫፉ ላይ ትንሽ ነጭ ነጥብ ነበረው፤ ሥሩ ነው፣ ከመሰበር የሚብሰው። "የተሰበረ" ማለት ትችል ነበር። ልጅቷ መለየት አትችልም፤ ሰኞ ቃለ መጠይቅ አለባት።

"ይኼ ከሥሩ ነው" አለች።

ሚጡ ፀጉሩን ለብቻው፣ ጉልበቷ ላይ በተዘረጋው ፎጣ ላይ አኖረችው። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ቀጣዩን አነሣችና ወደ አክስቷ ፊት ያዘችው።

"ይኼስ?"